በሌለ ባል ስም የተከፈተው ምግብ ቤት

በእኛ ጊዜ ልጆቼ፣ መተማ ላይ ሴት ብቻዋን ምግብ ቤት ከከፈተች የሚመጣባት በልቶ የሚከፍል አይደለም፤ ሲመሽ በር የሚደበድብ ነው። ሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከደጋ ስንት ወንድ ይወርዳል! ባል የለኝ፣ ወንድም የለኝ። ታዲያ ምን አልሁ? "የወንድ ስም ልለጥፍና ልረፍ" አልሁና ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄድሁ።

ጸሐፊው ጨዋ ልጅ ነው፣ "የንግድ ስምዎ ማን ይባል?" አለኝ።

"ዘለቀ ምግብ ቤት።"

"ዘለቀ ማነው እትዬ ብርቄ?"

"ባሌ ነዋ!"

"የት አለ ታዲያ?"

"አብርሃ ጅራ፣ ሰሊጥ ላይ ነው" አልሁት። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ! ዘለቀ የሚባል ሰው በዘሬም የለ፣ በጎረቤቴም የለ። እና ጻፈው፣ ማኅተሙን ደለቀው፣ እኔም ታፔላ አሠርቼ ሰቀልሁ። ያ ሁሉ ጎረምሳ "ባል አላት ለካ" እያለ በልቶ፣ ከፍሎ፣ ውልቅ!

ታዲያ ያን በጋ አንድ የወሎ ልጅ፣ አጨዳ ላይ የከረመ፣ ገብቶ ቁጭ እንዳለ "እትዬ፣ ጋሽ ዘለቀ ሰላም በሉልኝ ብለዋል" አይለኝም!

"የትኛው ዘለቀ?"

"ባለቤትዎ ናቸዋ! አብርሃ ጅራ ውኃ አጠጡን። ረጅም፣ ቀይ፣ ግራ አውራ ጣታቸው የተቆረጠ።"

ሳቅሁ፤ ቀልድ መሰለኛ። ታዲያ ብዙም ሳይቆይ አንድ የጭነት ሹፌር መጣና "ጋሽ ዘለቀን ኮኪት አገኘኋቸው፣ ሰላም ብለዋል። ያን አውራ ጣታቸውን ግን ምን ነካቸው?" አለኝ። ኮኪት! አብርሃ ጅራ አይደለም፣ እዚሁ ደጃችን ኮኪት! እየቀረበ እኮ ነው፣ ትሰሙኛላችሁ?

በነጋው እየሮጥሁ ጸሐፊው ዘንድ። "ያን ስም ሰርዝልኝ፣ በራሴ ስም አድርግልኝ፣ ባባትህ!"

ልጁ ግራ ገባው። "ምነው እትዬ፣ ተጣላችሁ እንዴ? አሁን መውጣታቸው እኮ ነው። 'ትመጣለች፣ ሰርዝልኝ ትልሃለች፣ እንዳትሰርዝ' ብለውኝ ሄዱ።"

"ማን?"

"ጋሽ ዘለቀ ናቸዋ። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር።"

ወንበሩን ነካሁት። በመተማ ሐሩር ድንጋዩም ያቃጥላል፤ ያ ወንበር ግን ቀዝቅዟል፣ የምንጭ ውኃ ነው የሚመስለው።

አላሰረዝሁም። በምን ወኔዬ! ቤቴ ገብቼ በር ሥር አንድ ወንበር አኖርሁለትና "በስምህ እንጀራ በልቻለሁ፣ ከመጣህ ተቀመጥ፤ ብቻ አታስደንግጠኝ" አልሁት። እና ይኸው እስከ ዛሬ በሬን የደበደበ ወንድ የለም። እፈራዋለሁ፣ ግን ደግሞ ደኅና ባል ነው፣ ምን ልበላችሁ! ስም ጠርታችሁ ከለጠፋችሁ ባለቤቱ መምጣቱ አይቀርም።

(ከአድማጮቹ አንዱ፦ "እማማ፣ ታዲያ ያ ወንበር የትኛው ነው?")

ኪ ኪ ኪ! አየ ልጄ፣ እንዲህ ባለው ሐሩር ከተቀመጥህ ጀምሮ "በረደኝ፣ ጋቢ ስጡኝ" ያልኸኝ ለምን መሰለህ? በል ተነሥለት።