ከመብራቱ በፊት ያለው ፌርማታ

ጠዋት ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት በዚያ መስቀለኛ መንገድ ሰባት መቶ አሥራ ስምንት መኪና ያልፋል። አንዱ መኪና በአማካይ ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ይጠብቃል። አረንጓዴው መብራት የሚበራው ለሠላሳ ሰከንድ ነው። ፌርማታው ከመብራቱ በፊት፣ ከዛፉ ጥላ ሥር ነው። ይህን የመዘገብሁት ለመንገድ መሥሪያ ቤት መኪና ስቆጥር ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሐሳብ መንገዱን ማስፋት ነበር፤ ከሰፋ ግን የማዕዘኑ ልብስ ስፌት ቤት ይፈርሳል።

በሦስተኛው ቀን ከዛፉ ሥር መቀመጫው ላይ አንድ አዛውንት አገኘሁ። ጡረታ የወጡ ትራፊክ ፖሊስ ናቸው፤ መብራት ሳይተከል ሃያ ስድስት ዓመት መሃሉ ላይ ቆመው መኪና አስተናግደዋል። ፌርማታውንም እዚያ ያስደረጉት እሳቸው ናቸው። አጠገባቸው የትራፊክ ፍሰት ጥናት የምትማር የእህታቸው ልጅ ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታለች። የስፌት ቤቱ ባለቤት እናቷ ናት።

“ፌርማታው ከመብራቱ በኋላ ይሁን ነው የምልዎት፣ ጋሼ። ለመሥሪያ ቤቱ የጻፍሁትን ማመልከቻ እርስዎ ከፈረሙ የሠፈሩ ሰው ሁሉ ይፈርማል።”

“አልፈርምም! መንገድ በእግር እንጂ በጣት አይጠናም። ይስፋና ይገላግለን። እናትሽ ሌላ ቤት ይሰጣታል።”

“መንገዱን እዚህ ውስጥ አስመስዬ ሠርቼዋለሁ። እስቲ ይዩት።”

መነጽራቸውን አድርገው አጎነበሱ። ጥቃቅን መኪኖች ስክሪኑ ላይ ይርመሰመሳሉ። ድንገት ሳቁ።

“አውቶቡስሽ አሥራ አምስት ሰከንድ ብቻ ነው የሚቆመው? ሰው ነው ወይስ ጥላ የምታሳፍሪው? አርባ ነው፣ አርባ!”

“በምን አወቁ?”

“ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ጠዋት ጠዋት ከዚህ ነበር የምትሳፈረው። ዘንቢሏን አስገብታ፣ ሾፌሩን ተረብ አድርጋ፣ ዞር ብላ በዓይኗ እስክትሰናበተኝ አርባ ሰከንድ። መኪናውን ሁሉ አስቁሜ እቆጥር ነበር። ዛሬም እዚህ ተቀምጬ እቆጥራለሁ፤ የሌላውም ሰው ያው ነው።”

ማስታወሻዬን ገለጥሁ፤ የእኔ ቁጥር ሠላሳ ዘጠኝ ነበር። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ አሥራ አምስቱን ወደ አርባ አረመችው። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴው በራ፤ አውቶቡሱ ሳይነሳ መብራቱ ተመልሶ ቀላ። ከኋላው አንድም መኪና አላለፈም።

“በይ መንገዱን አስፊው!” አሉ ፈጠን ብለው።

አሰፋችው። ከማዶ መንገዱ መልሶ ስለሚጠብ፣ ሰልፉ እዚያ ተጠራቀመ።

“እንግዲያው ፌርማታውን አሻግሪው።” ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

ከመብራቱ ማዶ፣ ከመንገዱ ገባ ያለ ስፍራ ላይ አደረገችው። ሰልፉ እየሳሳ ሄደ። እሳቸው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

“ያኔ መኪናው ጥቂት ነበር። እጄን አንሥቼ አስቆምላት ነበር። መብራት ግን ሰው አያውቅም።”

“ዛፉን ማንም አይነካውም፣ ጋሼ። መቀመጫውም ይቆያል።”

“እስክሪብቶ አምጪ። ግን አርባን ያገኘው ጋሼ ነው ብለሽ ጻፊ፤ ኋላ ኮምፒውተሩ እንዳይኮራ!”

እኔ የታዘብሁት ይህን ነው፤ የልጅቷ ትምህርት ብቻውን ተሳስቶ ነበር፤ የአዛውንቱም ልምድ ብቻውን የእህታቸውን ቤት ሊያስፈርስ ነበር። የተቆጠረ ነገር ግን ሁለቱንም አስታረቀ።

መሥሪያ ቤቱ ማመልከቻውን ተቀብሎ ፌርማታውን ካዛወረ ወር ሆነው። ስፌት ቤቱ እንደ ቆመ ነው። ተሳፋሪው ስልሳ ሜትር ጨምሮ ይራመዳል፤ አንዱ መኪና በአማካይ የሚጠብቀው አንድ ደቂቃ ከአምስት ሰከንድ ነው።