መሐላ ብቻ የቀረው ጠበቃ

ሜክሲኮ፣ የልደታ ታክሲ አልሞላ ብሎ እየተናደድኩ ነው። ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እማማ አጠገባቸው ሱፍ ከለበሰችው ልጅ ጋር ወሬ ጀመሩ።

«ፍርድ ቤት ነው ልጄ?»

«አዎ እማማ፣ የጥብቅና ፈቃድ ልቀበል። ዲግሪው፣ ልምምዱ፣ ፈተናው አልቆ መሐላ ብቻ ቀረኝ። እሷ እንኳን ቀላል ናት።»

«አባቴም በጣልያን ጊዜ መሐላ ብቻ ነበር የቀረችው።»

«ከዛስ?»

«ጣልያኖቹ ለእኛ ንጉሥ ማል አሉት።»

«ማሉ?»

«ሞቼ ነው ቆሜ ብሎ ጥሏቸው ወጣ! ሰንጋ ተራ ከሰል መሸጥ ጀመረ።»

«ጥብቅናው ቀረ በቃ?»

«ምን ይቀራል! የተከሰሰ ሁሉ ከሰል ልገዛ ነው እያለ ይመጣል፤ ዳኛ ፊት የሚናገረውን አስጠንቶ ይሸኘዋል።»

«ያስከፍሉ ነበር?»

«የከሰሉን!»

«እማማ ይሙቱ፣ አባትዎ አራዳ ነበሩ!»

እኔም ሐሙስ የጥብቅና መሐላ ስለምምል፣ ልደታ እስክንደርስ ለማን እንደሚያስምለኝ እያሰብኩ የመሐላውን ቃል በልቤ ደጋገምኩት።