ራጅ አንሺውና ሁለቱ ሞኒተሮች

ሠላሳ ዓመት ራጅ ሲያነሱና ሲያነቡ የኖሩት አዛውንት፣ ኮምፒውተር መሸጫው በር ላይ ከቀድሞ ተማሪያቸው ጋር ድንገት ተገጣጠሙ። ልጅቷ አሁን ለአንድ ትልቅ ሆስፒታል መሣሪያ የምትመርጥ ባለሙያ ናት።

«ጋሼ! ምን እግር ጣለዎት?»

«ለክሊኒካችን ሞኒተር ልገዛ ነው። ከዚያ ሥራውን አስረክቤ ቤቴ እገባለሁ። ዓይኔ ከድቶኛል ልጄ።»

ባለፈው ወር አንዲት ልብስ አጣቢን «አጥንትሽ ደህና ነው» ብለው ሸኟት፤ ምስኪኗ ሌላ ሆስፒታል ስንጥቁን እስኪያገኘው ድረስ በተሰነጠቀ እግር ሁለት ሳምንት ቆማ ስትሠራ ከረመች። ከዚያ ወዲህ እህል አይበላላቸውም።

ገብተው አበባ የሚያሳየውን ሰፊ ሞኒተር አመለከቱ። «ይኼን ነው የምወስደው። ክሊኒክ ያለውም የዚሁ ዓይነት ነው። ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ አበባ ሊያዩበት ነው እንዴ? ለራጅ ያ ጥግ ያለው ይሻላል።»

«ያ ደብዛዛው? በዚያ ላይ ትንሽ ነው፣ ዋጋውም ያው! የሰው መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው? መስታወት መስታወት ነው፤ የሚያየው ዓይን ነው።»

«ራጅ ግን ግራጫ ነው ጋሼ። ቀለም የሚያደምቅ ሞኒተር ግራጫውን ጨፍልቆ አንድ ሊያደርገው ይችላል። የራስዎ ሥራ ካለ በሁለቱም እንየው።»

የልብስ አጣቢዋ ራጅ ያለበት ፍላሽ ከኪሳቸው ተለይቶ አያውቅም ነበር። በሰፊው ላይ አጥንቱ ንጹሕ ነጭ ሆኖ ታየ። በትንሹ ላይ ግን ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለ።

አዛውንቱ መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አዩ።

«ዓይኔ አልነበረማ!» አሉ። ፊታቸው በራና ወዲያው ጠቆረ። «ታዲያ ልጄ፣ በዚያ መስታወት ስንቱን ደህና ነህ ብዬ ሸኝቻለሁ?»

ልጅቷ ፍላሹን ነቅላ መለሰችላቸው።

መሣሪያ የሚገዛ ሰው በሻጩ አበባ አይፍረድ፤ የራሱን ሥራ ይዞ ይሂድ። እንዲህ ቢደረግ ሕመምተኛው ሳይብስበት ይታከማል፤ ባለሙያውም በመሣሪያው ጉድለት ራሱን ሲኮንን አይኖርም።

አዛውንቱ ትንሹን ገዙ፤ ቤት መግባቱንም ተዉት። በማግስቱ «ደህና» ብለው የሸኟቸውን ሰዎች ራጅ ከቅርቡ ጀምረው አንድ በአንድ ያዩ ጀመር። ከቀትር በኋላ ሌላ ስንጥቅ አገኙና ለሕመምተኛው ደወሉ።

«ባለፈው ሳምንት ደህና ነዎት ያልኩዎት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። እባክዎ በዚያ እግርዎ አይርገጡ፤ መጥቼ እወስድዎታለሁ።»