የጠቋሚዋ ቅጣት

ካናዳ፣ ጄን ኤንድ ፊንች በሚባለው ሰፈር፣ በምኖርበት ሕንፃ ሊፍት ውስጥ ጥሩወርቅና ባሏ አራስ ልጃቸውን ታቅፈው ገጠሙኝ። ደነገጥኩ። አገር ቤት ሳለን የቀጥቃጭ ልጅ አግብታ ስትጠፋ፣ «ዘራችንን አዋረደች» ላሉት ወንድሞቿ የተደበቁበትን ቤት ያሳየሁት እኔ ነበርኩ። ባሏን ደብድበው ክንዱን ሰበሩት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፌ ሙሉ ሆኖ አያውቅም።

«ጥሩዬ፣ ያኔ የጠቆምኩት እኔ ነኝ፤ ማሪኝ» አልኳት።

«እናውቃለን» አለች።

ባሏ ሳቀ። «ሩጫ ያስተማርሽን አንቺ ነሽ እኮ፣ እትዬ። ይኸው ካናዳ ድረስ ሮጥን።»

እኔ ግን አለቀስኩ።

«በነፃማ አንምርሽም» አለች ጥሩወርቅ። «ቅዳሜ ልጃችን ክርስትና ትነሳለች፤ የክርስትና እናቷ አንቺ ነሽ። አበልጁን የሚጠቁም የለም።»

ሕፃኗን ስታቀብለኝ የምወርድበት ፎቅ አልፎ ነበር።