«አልገባሁም» የሚለው ሹም

ከጊዮርጊስ የተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ አንዲት ወጣት ሴት አጠገቧ ለተቀመጡት የሰፈሯ አሮጊት ታወራ ነበር።

«እማማ፣ የተከራየሁት ክፍል በሩ ይንኳኳል። ማነው ስል በፈረንጅ አማርኛ ‹እኔ አልገባሁም› ይላል። ስከፍት ሰው የለም። የውቤ በረሃ ሰካራም መስሎኝ ነበር።»

«ጣሊያኑ ሹም ነው፣ ልጄ። በወረራው ጊዜ ቤቱ የሱ ነበር። አክስቴ የሱ ሠራተኛ ነበረች፤ እዚያው ክፍል ነበር የምታድረው።»

«ምን አደረጋት?»

«እየገባ ይደፍራት ነበር። የሰፈሩ ሴቶች ለአለቃው ከሰሱት። እሱም የመለሰው ይህንኑ ‹አልገባሁም› ነው።»

«አለቃው አመነው?»

«አመነው እንጂ።»

«እኔ ግን ትናንት ሰልችቶኝ ‹ገብተሃል› አልኩት።»

«ምን አለሽ?»

«ማንኳኳቱን አቆመ። ቆይቶ ከኋላዬ፣ ከክፍሉ ውስጥ፣ ‹ማን ነገረሽ?› አለኝ።»

«ዛሬ እኔ ጋ ነው የምታድሪው።»

አምስት ኪሎ እስክንደርስ ድረስ እኔም ውቤ በረሃ የተከራየሁትን ክፍል ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ጨብጬ ይዤው ነበር።