የታላቅ ወንድሙን እጅ ስለሰበረው ሞተር የተሰጠ ቃል

የምስክሩ ስም፦ በመዝገቡ የተያዘ፤ በጋራዡ “ሽቦ” በሚል ቅጽል የሚታወቅ
ዕድሜ፦ 41
ሥራ፦ የመኪና ኤሌክትሪሽያን
አድራሻ፦ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ማክሰኞ፣ ድርጊቱ በተፈጸመ ማግስት

እኔ ከላይ የተገለጽኩት ምስክር ማንም ሳያስገድደኝ ቃሌን እንደሚከተለው እሰጣለሁ። ተጠርጣሪው የምሠራበት ጋራዥ ባለቤት ሲሆን ተጎጂው የእናቱ ልጅ፣ ታላቅ ወንድሙ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ሙያውን ለተጠርጣሪው ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ በጋራዡ የኋላ ክፍል እየኖሩ ያግዙት ነበር።

ለጥገና የመጣችልን የአንዲት ሴት መኪና አሮጌ ናት፤ በእጅ በሚዞር ብረትም ትነሳለች። ተጠርጣሪው ሞተሯን አድሶ ከገጠመ በኋላ ጉልበት አጣች፣ ዳገት አልወጣም አለች። ካርቡሬተሩን ፈታ፣ ካንዴላ ቀየረ፤ ወይ ፍንክች! ሰኞ ጠዋት ጋሼ ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ ዘንበል አድርገው “እሳቱ ዘግይቶ ነው የሚደርሳት፤ ታይሚንጉን እንየው” አሉ። በፑሊው ላይ ያለውን ምልክት በጣታቸው ዳስሰው አገኙ፤ እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢዩተር አላልተው ጥቂት አዞሩና አጠበቁት። በቁልፍ ስትነሳ እሰይ የሚያሰኝ ድምፅ አወጣች። ባለመኪናዋም “ድሮም ለጋሼ መስጠት ነበረብኝ፤ ታናሽየው ለካ ስሙን ብቻ ነው የያዘው” ብላ ሳቀች። የተጠርጣሪው ፊት ሲጠቁር አይቻለሁ።

እሷ ለምሳ ስትሄድ፣ ጋሼም ሊታጠቡ ሲገቡ ተጠርጣሪው ኮፈኑን ከፈተ። እኔ ባትሪ ከምሞላበት ጠረጴዛ ሆኜ በግልጽ አየሁት። ዲስትሪቢዩተሩን አላልቶ፣ እሳቱ ከጊዜው እጅግ ቀድሞ እንዲመጣ አዙሮ አጠበቀው። ቀጥሎም ሞተሩን በቁልፍ ከሚያስነሳው ሞተሪኖ ላይ አንድ ሽቦ ነቀለ። ጋራዡ የራሱ ነውና አልጠየቅኩትም።

ባለመኪናዋ ተመልሳ ቁልፉን ብታዞር መኪናዋ ጭራሽ አልነሳ አለች። መሣሪያዬን ይዤ ልጠጋ ስል ተጠርጣሪው “አንተ ባትሪህን ጠብቅ!” ብሎ አንባረቀብኝ። ከዚያ ብረቱን አምጥቶ ለጋሼ ሰጣቸው። ለማያውቅ ላስረዳ፦ እሳቱ ያለጊዜው ከቀደመ ሞተሩ ብረቱን ወደ ኋላ መልሶ ይመታል። ስለዚህ ጋሼ ሁልጊዜ ብረቱን ከታች ወደ ላይ ብቻ ነው የሚጎትቱት፤ ወደ ታች አይገፉም። ለተጠርጣሪውም ያስተማሩት ይህንኑ ነው። እሱ ግን በሰው ፊት “እንደ በሽተኛ አትጎትት! ሙሉ ዙር አዙር እንጂ! ታይሚንጉ ያንተ አይደል? አታምነውም እንዴ?” እያለ አፋጠጣቸው። ጋሼ ሥራቸውን አምነው ሙሉውን አዞሩ። ያኔ ነገሩ ገብቶኝ “ጋሼ ይተዉት!” ብዬ ጮህኩ፤ ረፍዶ ነበር።

ብረቱ ተመልሶ መታቸው። የቀኝ ክንዳቸው ተሰብሮ አጥንቱ ወጣ። ባለመኪናዋ ስትጮህ ተጠርጣሪው ኮፈኑን እየዘጋ “አይዞሽ፣ ሞተሩ ደህና ነው፤ የተሰበረው አሮጌ ዕቃ ነው” አላት። ይህን በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ባጎረስኩ ተነከስኩ ማለት ይኼ ነው! መርማሪው ተረት ተው ቢለኝም እንዲጻፍልኝ ጠይቄያለሁ።

ዛሬ ጠዋት ሐኪም ቤት ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ። ጣቶቻቸው ከእንግዲህ መፍቻ እንደማይጨብጡ ተነግሯቸዋል። ተጠርጣሪው ግን ቀድሞኝ መጥቶ “ታይሚንጉን ያበላሸሁት እኔው ነኝ በል፤ አለዚያ ክፍሌን ልቀቅ” ብሏቸው ሄዷል። ጋሼ እኔንም ዝም እንድል ለመኑኝ። “እኔ ቤት ይገባሉ” አልኳቸው። “አንተ በአንዲት ክፍል ከነልጆችህ ታጭቀህ፣ ልብሱን ራሱ የማይቆልፍ ሽማግሌ ስንት ቀን ትችላለህ ልጄ?” አሉኝ። አልቅሼ ወጣሁ።

የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ፣ የጎደለም የተጨመረም እንደሌለው አረጋግጬ ፈርሜያለሁ። ጋሼ ከዚህ የተለየ ቃል ቢሰጡ ውሸቱ የእሳቸው ነው፤ እውነቱ ይኼ ነው። እባካችሁ፣ ዛሬ የት እንደሚያድሩ ግን ሳትጠይቋቸው አታስፈርሟቸው።

የምስክሩ ፊርማ፦ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ____________