ዘጠኙ የተለበለቡ ቋሚዎች

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሯ ስም፦ ያምሮት ላቀው
ዕድሜ፦ 24
የትምህርት ደረጃ፦ በመሬት አስተዳደር ዲግሪ
አድራሻ፦ ምዕራብ ጎጃም፣ ቡሬ አካባቢ፣ ምንጭ በር ቀበሌ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ ግንቦት 15 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 2፡30 ሰዓት

በሐሰት መመስከር እንደሚያስቀጣ ተነግሮኝ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

የምኖረው ከእናቴ ከወ/ሮ እህተ ማርያም ጋር ነው። አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ተጠርጣሪው አቶ ደረሰ በጓሯችን በኩል ያዋስኑናል። ከአባቴ ሞት ወዲህ በየክረምቱ እርሻቸውን ወደ ጓሯችን እየገፉ ስላስቸገሩን፣ በመሬት ደብተራችን ካርታ መሠረት ወሰኑን ለክቼ ለማጠር ወሰንኩ።

ሐሙስ ግንቦት 10 ቀን ረፋድ ላይ አሥር የባሕር ዛፍ ቋሚዎችን ምስጥ እንዳይበላቸው እግራቸውን አንድ አንድ ክንድ ያህል በእሳት ለበለብኩ። አቶ ደረሰ ይህን አይተው፣ የንስሐ አባታችን ቄስ ዘሚካኤል እየሰሙ፣ «ያምሮት፣ ጨው አድርገሽበታል?» ብለው ሳቁብኝ። ቀጥለውም «አርባ ዓመት አጥር ሳቆም አንድ እንጨት ለብልቤ አላውቅም። ይኸ የተማረ ሰው ሥራ ነው» አሉ። ይህ ንግግራቸው ለጉዳዩ አስፈላጊ ስለሆነ እንዳለ እንዲጻፍልኝ ጠይቄያለሁ።

ዓርብ ጉድጓዱን ራሴ ቆፍሬ ስምንቱን ቋሚዎች በወሰኑ ላይ፣ ሁለቱን ለበሩ አቆምኩ። ቅዳሜ ሚካኤል፣ ማግስቱ ሰንበት ስለነበር በሩን አልሰቀልኩም።

ሰኞ ግንቦት 14 ቀን ከጠዋቱ 1፡00 ሰዓት የበር ማጠፊያ ልገዛ ቡሬ ሄድኩ። እናቴም መንደርተኛውም ቀብር ወጥተው ነበር። 5፡00 ሰዓት ግድም ስመለስ ስምንቱ ቋሚዎችና አንዱ የበር ቋሚ ተነቅለው፣ አምስት እርምጃ ወደ ጓሯችን ገብተው እንደገና ተተክለዋል። በገዛ እንጨቴ የገዛ መሬታችን ታጥሮብኝ አገኘሁት። አቶ ደረሰና ልጃቸው ወንዳወቅ አሥረኛውን ለመንቀል ዙሪያውን ይቆፍሩ ነበር።

«አያ ደረሰ፣ በሕግ አምላክ! እንዳይነኩት» አልኳቸው። አልቆሙም። «ማን ሰማሽ? አገሩ ቀብር ነው» አሉኝ። ቋሚውን በሁለት እጄ አቀፍኩት። «ልቀቂ አንች! ወንድ የሌለበት ቤት በር ምን ያደርግለታል?» ሲሉኝ «እንደ እርስዎ ያለውን ሰው ያስቀርበታል» ብዬ መለስኩ። በዚህ ጊዜ በያዙት ድጅኖ ቀኝ እጄን መቱኝ። እኔ ግን ቋሚውን አልለቀቅኩም። ወንዳወቅ «አባ፣ በቃ! እጇን ሰበርከው» ብሎ ጎትቶ ወሰዳቸው። በዚያው ዕለት ታክሜ ሁለት ጣቶቼ መሰበራቸውን የሚገልጽ የሕክምና ማስረጃ አቅርቤአለሁ።

ከቀኑ 10፡00 ሰዓት ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። አቶ ደረሰ በፊታቸው ቋሚዎቹን ከራሳቸው ባሕር ዛፍ ቆርጠው እንዳቆሙ፣ እጄንም እንዳልነኩ ተናገሩ። «ምስክር ካላት ታምጣ» አሉ። ሽማግሌዎቹ እስከ እሑድ እንድታገሥ ጠየቁኝ። እናቴም «ልጄ፣ ነገ ቀባሪያችን እኮ ናቸው» እያለች አለቀሰች። እስከ እሑድ ከታገሥኩ የቋሚዎቹ እግር በመጋዝ ተቆርጦ እንደሚጠፋ ስላወቅኩ እሺ አላልኩም። ሌሊቱን ጓሮውን ስጠብቅ አድሬ፣ ሲነጋ እናቴን በቦታዬ አቁሜ መጥቻለሁ።

ስለዚህ ዘጠኙ ቋሚዎች ዛሬውኑ በፖሊስና በቄስ ዘሚካኤል ፊት ተነቅለው እንዲታዩ፣ ከቦታው ካልተነሣው ከአሥረኛው ጋርም እንዲመሳከሩ እጠይቃለሁ። እግራቸው ነጭ ሆኖ ከተገኘ በሐሰት ልከሰስ። ጥቁር ሆኖ ከተገኘ ግን የእርቅ ነገር የሚነሣው ቋሚዎቹ ወደ ጉድጓዳቸው ከተመለሱ፣ በሩም ከተሰቀለ በኋላ ነው።

ቃሌ ሲነበብልኝ «ተጣልተን» ተብሎ የተጻፈው «መቱኝ» ተብሎ እንዲታረም ጠይቄ ታርሟል። ከዚህ በቀር የተጻፈው ሁሉ ያየሁት፣ የሰማሁትና የደረሰብኝ እውነት ነው። ቀኝ እጄ በጄሶ ስለታሰረ አሻራ እንዳደርግ ቀለም ቀርቦልኝ ነበር። መጻፍ ስለምችል በግራ እጄ ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ያምሮት ላቀው (በግራ እጅ)
ቃሉን የተቀበለው፦ ረዳት ሳጅን ጌታሁን ዓለምብርሃን፣ ፊርማ